ደጀን ሆኜ አለሁ

«ማዶ» የተባለው ጨዋታ የሚዘጋበት ቀን የተነገረው በ2074 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ማስታወቂያው አጭር ነው። ነዋሪዎችን ስለ ታማኝነታቸው ካመሰገነ በኋላ፣ አገልግሎቱ ከነሐሴ የመጨረሻ እሑድ በኋላ እንደማይሰጥ ይገልጻል። በውስጡ የተሠሩ ቤቶች፣ የተተከሉ ዛፎችና የወጡ ስሞች የድርጅቱ ንብረት ስለሆኑ ወደ ውጭ አይወጡም። መጨረሻው ላይ በሌሎቹ የድርጅቱ ጨዋታዎች መልካም ጊዜ ይመኛል።

ናርዶስ ያነበበችው ደጀን ከተማ ውስጥ በረዳትነት በምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ፣ በአንድ ታካሚና በሚቀጥለው መካከል ነው። ጓንቷን አወለቀች፣ አነበበች፣ ሌላ ጓንት አጠለቀችና ተራው የደረሰውን ሰው ጠራች። ሰውየው አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ እጇ መብራቱ ላይ እንደቆመ ቀረ። ሐኪሙ «ምነው ናርዶስ፣ አመመሽ እንዴ?» አላት።

«አይ፣ ምንም አልሆንኩም» አለች።

በዚያ ዘመን ጨዋታ ሰው ቤቱ የሚያስቀምጠው ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ድሮ በሣጥን ተገዝቶ ይገባ እንደነበር፣ መብራት ብቻ ካለ ማንንም ሳያስፈቅድ ይሠራ እንደነበር ሽማግሌዎች ያወራሉ። ናርዶስ ያደገችው ግን ሁሉም ነገር መስመር ላይ ከሆነ በኋላ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ የሰፈሩ ሰው ደጅ ይወጣል፤ እርስ በርሱ ሰላም ይባባላል፣ ስለ ዝናቡ ይነጋገራል፣ በየደቂቃውም ወደ ቤቱ እያየ ይቆማል። መስመሩ ሲመለስ ወሬው በግማሽ ይቀርና ሁሉም ይገባል። ይህን እንደ ነውር የሚቆጥረው ሰው አልነበረም።

«ማዶ» በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ያለ መንደር ነው። ሰዎች እየገቡ ያርሱበታል፣ ያጠምዱበታል፣ ቤት ይሠሩበታል፤ ጦርነት የለበትም። ናርዶስ የገባችው እናቷ በሞተች ዓመት ነው፤ ቤቱ ባዶ ሆኖባት ነበር። ስሟን ጤዛ አለች። በመጀመሪያው ቀን ወንዙን ያሻገራት ሰው ረጅም፣ ፀጉሩ እንደ ጎጆ የተከመረ፣ ስሙም ጎፈሬ ነበር። ጀልባውን ሲቀዝፍ ይዘፍናል፤ ሲደርስ ከጀልባው ዘሎ ወርዶ በሩጫ ገመዱን ያስራል። ሁልጊዜ ይሮጥ ነበር። «ምን ያስቸኩልሃል?» ስትለው «መሮጥ ስለምችል ነው» ይላታል። ቀልድ መስሏት ትስቅ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖሩ። የውሃ ወፍጮ ሠሩ፤ ዥጉርጉር በሬ ነበራቸው፣ ቡሬ አሉት። በሦስተኛው ዓመት የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው አጋቧቸው። ናርዶስ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ገብታ አትክልቱን ታጠጣለች፤ ከሥራ ስትመለስ ራቷን ደጀን ባለው ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አቅርባ፣ እሱም ባለበት ሥፍራ የራሱን አቅርቦ፣ ወፍጮው ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ። አንዳቸው የሌላውን ምግብ አያዩም። «ዛሬ ምንድን ነው?» ይባባላሉ። «ሽሮ።» «እኔ ደግሞ ቆጮ።» ነዋሪ በየቀኑ ካልገባ እርሻውን አረም ይወርሰዋል፣ ጣሪያው ያፈሳል፤ የድርጅቱ ደንብ ነው። ናርዶስ ታይፎይድ ይዟት ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ጣሪያውን የከደነው፣ አረሙን የነቀለው እሱ ነው። ስትመለስ ምንም አልጠየቃትም። «ቡሬን ናፍቀሽው ነበር» አላት ብቻ።

ድምፁ የእሱ አልነበረም። ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ድምፅ ይሰጣል፤ ያንኑ ጎርናና ድምፅ የሚናገሩ ብዙ ወንዶች ነበሩ። ናርዶስ ግን ከሁሉም ለይታ ታውቀው ነበር። ከመናገሩ በፊት ጥቂት ዝም ይላል፤ ቃል የሚመርጥ ይመስላል።

የውጭውን ዓለም ነገር መናገር አይቻልም። እውነተኛ ስም፣ የከተማ ስም፣ የስልክ ቁጥር ከአፍ ሲወጣ ቃሉ ይጠፋና በምትኩ የነፋስ ድምፅ ይሰማል። የሚደጋግም ሰው ይባረራል፤ ቤቱም አብሮት ይጠፋል። ድርጅቱ ደንቡን ያወጣው ለነዋሪዎች ደኅንነት እንደሆነ ይናገራል። በመንደሩ አንድ ባልና ሚስት እርሻቸው ላይ በድንጋይ ፊደል ደርድረው አድራሻቸውን ሊነጋገሩ ሞክረው ነበር። በማግሥቱ እርሻው ሣር ሆኖ ተገኘ፤ ሰዎቹንም ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። ከማዶ ውጭ ደግሞ በማዶ ስም ሰው መፈለግ አይቻልም፤ ስሙ የድርጅቱ ነውና መስመር ላይ የትም ቢጻፍ ይነሣል። የስልክ ቁጥርም ቢሆን በዚያ ዘመን ሁለት ሰዎች በአካል ተገናኝተው፣ ስልካቸውን ካላነካኩ በቀር አይሠራም።

ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዳቸው የሌላውን እውነተኛ ስም አያውቁም ነበር። ብዙም አላስጨነቃቸውም። ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ።

ማስታወቂያው በወጣ ማታ ጎፈሬ ወፍጮው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«አነበብሽ?»

«አነበብኩ።»

«የምኖረው...» አለ፤ ነፋስ ነፈሰ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ነፈሰ። ከዚያ የማስጠንቀቂያው ቀይ ጽሑፍ ፊታቸው ላይ መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢደግመው ይባረራል።

«ተው» አለችው ናርዶስ። «የቀሩትን ቀናት እንዳናጣ።»

ተወ። እሷ ግን ማሰብ ጀመረች። አባቷ በሕይወት እያለ የአማርኛ መምህር ነበር፤ ገበታ ላይ እንኳ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሳይወረውር አይውልም። ነፋሱ የሚነፍሰው ቃሉ የቦታ ስም ሆኖ ሲነገር ነው። ቃሉ ሌላ ነገር ሆኖ ቢነገርስ? የምትኖርበት ከተማ ስም ደጀን ነው፤ ደጀን ደግሞ ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ ወገን፣ መከታ ማለት ነው። ክረምቱን በሙሉ፣ ክሊኒኩ ውስጥ የታካሚ ምራቅ መምጠጫውን ይዛ ቆማ፣ በልቧ ቃላት ስታገላብጥ ሰነበተች። አንዴ ብቻ ነው መናገር የምትችለው። ቀድማ ከተናገረችና ከተያዘች የቀራቸው ጊዜ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ቀን አቆየችው።

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ሰው ወንዙ ዳር ተሰብስቦ ነበር። አንዳንዱ ይዘፍናል፤ አንዳንዱ እንደማንኛውም ቀን ቦይ ይጠርጋል። አንዲት ሴት ከወራት በፊት የዘራችውን ባቄላ ፍሬ ሳይቋጥር ትለቅማለች። ጎፈሬ አልሮጠም። በሬያቸውን እየሳበ በዝግታ መጣና አጠገቧ ቆመ።

«ስማኝ» አለችው። «ደህና አድርገህ ስማኝ፤ አንዴ ነው የምለው።»

«እሺ።»

«ቡሬ በሬያችን ቢደክም ቢያረጅ፣
ደጀን ሆኜ አለሁ አንተን ስጠብቅ እንጅ።»

ነፋስ አልነፈሰም። ናርዶስ ቤቷ ውስጥ ወንበሯን ጨብጣ ተቀመጠች።

ጎፈሬ እንደ ልማዱ ዝም አለ። በዚህ ጊዜ ዝምታው ረዘም አለ። ከዚያ ድምፁ ሲመጣ ይስቅ ነበር፣ ወይም ያለቅስ ነበር፤ የተሰጠው ድምፅ ሁለቱን አይለይም።

«ገባኝ» አለ። «ገባኝ፣ ጤዛ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በሬያችንን አልረሳውም። እመጣለሁ።»

የበሬውን ነገር ያነሣው ድርጅቱን ለማዘናጋት መሰላት። ደስ አላት፤ አስተዋይነቱን ወደደችለት። ከዚያ ወንዙ ቆመ። መፍሰሱን አቆመና እንደ ቆዳ የተወጠረ ሆነ፤ ቀጥሎ ሁሉም ነገር ነጣ። «አገልግሎቱ የለም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ጽሑፉ ራሱ ወዲያው ጠፋ።

በማግሥቱ ናርዶስ ቤቷን አጸዳች። አዲስ አንሶላ ገዛች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ይዘጋል፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ መናኸሪያ ሄዳ ተቀመጠች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ተሳፋሪው ምሳ ይበላል። ከሚወርዱት ሰዎች መካከል ረጅሙን ስታይ ልቧ ይዘላል፤ አጭሩንም ስታይ ይዘላል፤ ማን ያውቃል ብላ። ማንም ወደ እሷ አልመጣም። ሩቅ አገር ይሆናል አለች፤ ፈቃድ አላገኘ ይሆናል። መስከረም ገባ፣ መስቀል አለፈ። ገና ደረሰ። ፋሲካ ሲያልፍ ሐኪሙ፣ አብሯት ለረጅም ዓመታት የሠራ ሰው፣ «ናርዶስዬ፣ አንዳንድ ሰው እመጣለሁ የሚለው ለመለየት ስለሚከብደው ነው» አላት። እሷ አልተቀየመችም። «እሱ እንደዚያ አይደለም» አለች።

ሰኔ ላይ፣ ማስታወቂያው ከወጣ ዓመት ሲሞላ፣ ከአውቶቡስ ረዳቶች አንዷ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። ኬብሮን ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ ቡሬ በሚሄደው መኪና ላይ አዲስ የተመደበች ወጣት ናት። አሽከርካሪው ምሳውን እስኪበላ ስትጠብቅ ናርዶስን አዘውትራ ታያት ነበር።

«እህቴ፣ ሁልጊዜ እዚህ ነሽ። ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«ዘመድ ነው።»

«አይ ሰው» አለች ኬብሮን። «ቡሬም እንዳንቺው አለ። መናኸሪያው በር ላይ ወረቀት ይዞ የሚቀመጥ ሰው። ስንደርስ በመስኮት ‹ዛሬም አላመጣናትም› እንለዋለን፣ ይስቃል። አሁን አሁን እንኳ አላየሁትም።»

«ማንን ነው የሚጠብቀው?»

«እኔ እንጃ። ወረቀቱ ላይ ‹ጤዛ› ይላል።»

ናርዶስ ጎፈሬ «በሬያችንን አልረሳውም» ያላት ትዝ አላት። ክረምቱን ሙሉ ስታገላብጠው በከረመችው ግጥም ውስጥ ከደጀን ሌላ የከተማ ስም መኖሩን አንድም ቀን አላስተዋለችም ነበር። ለእሷ ቡሬ በሬ ነው። ለዘጠኝ ዓመት ሣር ያበላችው፣ በግምባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬ ነው። ለእሱ ግን፣ በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ ከተማ ሲፈልግ ለነበረው ሰው፣ መጀመሪያ የመጣለት ቃል እሱ ነበር።

ወደ ቡሬ የሚወስደው ደግሞ ይኸው መንገድ ነው። ቆጮ የሚበላ ሰው ከደቡብ ነው የሚነሣው፤ በአዲስ አበባ በኩል ከመጣ ደጀንን ሳያልፍ ቡሬ አይደርስም። እዚህ ቆሞ ምሳ በልቷል።

«ምን ሆንሽ?» አለች ኬብሮን።

«ቦታ አላችሁ?»

«ወዴት?»

«ቡሬ።»

ምንም ሳትይዝ ተሳፈረች። ቡሬ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። በመናኸሪያው በር ላይ ማንም አልነበረም። አጠገቡ የስልክ ገመድ የሚሸጥ ሰው ጠየቀች፤ «ምናሴን ነው?» አላት። ስሙን ያን ጊዜ ሰማች። ሰውየው ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ አንድ ግቢ አሳያት፤ የቤቱ ባለቤት እትዬ ባንቺአምላክ እንደሚባሉ ነገራት።

እትዬ ባንቺአምላክ ነጠላቸውን አገልድመው በር ላይ ወጡ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው።

«ምናሴ የሚባል ሰው ፈልጌ ነው፣ እትዬ።»

«ምኑ ነሽ?»

«ጤዛ ነኝ።»

ሴትየዋ «ግቢ» አላሏትም። ለረጅም ጊዜ አይተዋት «ታዲያ ያን ዕለት ምነው ተመለስሽ?» አሉ።

«የትኛውን ዕለት?»

«ከመኪና የወረድሽ ዕለት። ወረቀቱን አንብበሽ፣ ፈገግ ብለሽ ወደሱ መጣሽ። ከዚያ ወንበሩን አየሽ። እግሩን አየሽና መንገዱን ተሻግረሽ ሄድሽ። ልጄ፣ ሰውን መውደድ ግዴታ አይደለም። አንዲት ቃል ግን ምን ነበረበት?»

«እትዬ» አለች ናርዶስ። «ቡሬን ስረግጥ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

እትዬ ባንቺአምላክ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ክንዷን ይዘው አስገቧት፤ እዚያው ደረጃው ላይ አብረው ተቀመጡ።

ምናሴ የመጣው በመስከረም ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እግሮቹ አይሸከሙትም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄደው። ከዲላ እንደመጣ፣ እዚያ የሬዲዮና የስልክ ጥገና ይሠራ እንደነበር ነግሯቸዋል። ቡሬም በዚሁ ሥራ ኖረ፤ የሠፈሩን ሰው ዕቃ ሲጠግን ያረፍድና ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው በር ላይ ይውላል። መጀመሪያ ሰሞን ደስተኛ ነበር። ሸሚዙን በየቀኑ ይተኩሳል። «እትዬ፣ ስትመጣ እኔን ሳይሆን ወንበሩን ቀድማ ብታይስ?» ብሎ አንድ ቀን ጠይቋቸው፣ «እንግዲያ ወረቀቱን ከፍ አድርገህ ያዝ» ብለውት ተሳስቀዋል። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ አንዲት ቀይ ዳማ ሴት ከመኪና ወረደች፤ እትዬ ባንቺአምላክ በዓይናቸው አላዩአትም፣ እሱ ነው የነገራቸው። ማን እንደነበረች ማንም አያውቅም። ወረቀቱን አንብባ ቀረበች፤ ምጽዋት የሚለምን መስሏት ይሁን፣ ሌላ ሰው ትፈልግ ይሁን፣ አይታው ተመለሰች።

«ማታ ምግብ አልበላም አለኝ» አሉ እትዬ ባንቺአምላክ። «‹መጥታ ነበር› አለኝ። ‹እርግጠኛ ነህ?› አልሁት። ‹ሌላማ ማን ወረቀቱን አይቶ ይስቃል?› አለ። እኔ ተናደድሁ፣ ሰደብሁሽም፣ ይቅር በይኝ። እሱ ግን አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ‹አልፈርድባትም፣ እትዬ› አለኝ። ‹እዚያ ስሮጥ ነበር የምታውቀኝ።›»

ናርዶስ ጉልበቷን አቅፋ አጎንብሳ ቆየች።

«ወዴት ሄደ?»

«በማግሥቱ ሸክፎ ሄደ። ዲላ እመለሳለሁ አላለኝም። ሰው የማያውቀኝ አገር ነው ያለኝ። ስልካችንን እንኳ አላነካካንም፤ እዚሁ ግቢ ለሚኖር ሰው ማን ስልክ ይደውላል?»

«የአባቱ ስምስ?»

«አልጠየቅሁትም፣ ልጄ። ምናሴ ነው የምለው።»

የነበረበትን ክፍል አሳዩአት። ደረጃው ላይ ለወንበሩ መውጫ ብሎ ራሱ የመታው ጣውላ አለ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ ከወገብ በታች በሚሆን ቁመት የተመቱ ምስማሮች አሉ፤ ልብሱን የሚሰቅልባቸው ነበሩ። ናርዶስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ምስማሮቹን አየች። ቁመታቸው ከትከሻዋ ጋር እኩል ነበር። እትዬ ባንቺአምላክ ብርድ ልብስ አምጥተው ጀርባዋ ላይ ጣሉላትና በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ወረቀትና ሙጫ ገዝታ በእጇ ጻፈች። ያን ጊዜ በእጅ የተጻፈ ነገር ግድግዳ ላይ ማየት ብርቅ ስለነበር ሰዎች ቆመው ያነቡ ነበር።

«ምናሴ፣ ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም። እኔ አላየሁህም። ደጀን ከተማ፣ የጥርስ ክሊኒኩ ውስጥ ነኝ። ባለህበት እመጣለሁ። ጤዛ»

አንዱን ቡሬ መናኸሪያ በር ላይ ለጠፈች። ኬብሮን መኪናው በቆመበት ሁሉ አብራት እየወረደች ደምበጫ ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ሉማሜ ላይ ስትለጥፍ ወረቀቱን ያዘችላት። ደጀን ላይ ሦስት ለጠፉ። በዚያ ክረምት ዝናቡ ጽሑፉን እያጠበው ናርዶስ በየቅዳሜው እየዞረች ታድሰው ነበር። መልስ አልመጣም። አንዳንዴ ሌላ ምናሴ የሚባል ሰው ክሊኒኩን ያንኳኳል፤ ከእነሱ አንዱ ጥርሱንም አስነቅሎ ሄዷል።

በጥቅምት የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ወደ ደቡብ ወረደች። ሻሸመኔ ለጠፈች፣ ሐዋሳ ለጠፈች፣ ዲላ ገባች። የሬዲዮ ጠጋኞቹን ሱቅ ዞረች፤ ምናሴን ያውቁታል፣ ሱቁን ዓምና ሸጦ ወጥቷል፣ አልተመለሰም። «ሚስት አገኘሁ ብሎ ነው የሄደው» አላት አንዱ፣ «እዚያ ወልዶ ከብዶ ይሆናል።»

ዲላ መናኸሪያ ውስጥ የትኬት መስኮት አጠገብ፣ ሙዝ የምትሸጥ ጎልማሳ ሴት ነበረች። ግድግዳው የእሷ ድርሻ ነው፤ የሚለጠፍበት ሁሉ እሷን ያስፈቅዳል። ናርዶስ ወረቀቱን አሳየቻት። ሴትየዋ ማንበብ ይከብዳታልና ናርዶስ አነበበችላት።

«ምንሽ ነው?» አለች ሴትየዋ።

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቋት ነበር። ዘመድ ትል ነበር፣ ወዳጅ ትል ነበር።

«ባለቤቴ ነው» አለች።

«እግዚአብሔር ያገናኝሽ። እኔ ከዚህ አልነሣም፤ የሚወጣውንም የሚገባውንም አያለሁ። በይ መልኩን ንገሪኝ።»

ናርዶስ ስለ ወንበሩ ነገረቻት። ሬዲዮ እንደሚጠግን፣ ከመናገሩ በፊት ዝም እንደሚል ነገረቻት።

«እሱስ ሆነ» አለች ሴትየዋ። «መልኩን ነው የምልሽ። ጥቁር ነው? ቀይ ነው? ፊቱ ምን ይመስላል?»

አውቶቡስ ሞተሩን አስነሣ። ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ በመካከላቸው አለፉ። ናርዶስ እስኪያልፉ ጠበቀች።

«አላየሁትም» አለች።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት። የሙዝ ሣጥኗን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ከግድግዳው ላይ አሮጌ ማስታወቂያዎችን በጥፍሯ ትልጥ ጀመር፤ ከላይ ሳይሆን ዝቅ አድርጋ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚደርስበት።